ከጅሬን ሲወርዱ

እኔ ሠርግ ነው ሥራዬ። ካሜራዬ የለመደው
ቬሎና የሚዜ ክራባት፣ ኬክ ጎራሹን አጉራሹን ሰው፣
የሙሽሪት እናት እንባ፣ በዝግታ የሚወርደው።
(በዝግታ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤
እሷማ ቸኩላ ነበር በነጠላዋ ያበሰችው።)

ሰኞ ሙዘይን መጣ፣ ጉልበቱ የተላጠ፣
ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ቅጣት አስቀመጠ።
«ጋሼ፣ ኤዲት አርግልን።»
የተሰነጠቀ ስልክ የቀዳው የሁለት ሰዓት ቁልቁለት፣
ከጅሬን ግቢ ደጃፍ እስከ ፈረንጅ አራዳ፣
ሦስት ልጅ፣ አንድ ጣውላ፣ አንድ የሚሸሽ በግ፣ ብዙ አቧራ።

ጣውላውን የሠሩት አባ ዲጋ ናቸው፣ በርጩማ ጠራቢው።
ጎማና ብረቱ ከመርካቶ ቦንዳ፣ ከልብስ መሀል ተገኘ፤
እንጨቱ ግን ለሁለት ተሰብሮ ነበር የመጣው።
ሦስት እግር ሊያወጡለት ባሰቡት የዋንዛ ቁራጭ
አራት ጎማ ገጠሙና
«ይሄ በርጩማ አይቀመጡበትም» ብለው ሳቁ።

መጀመሪያ የሠርግ ዘፈን አለበስኩት፣ ያው የለመድኩትን።
ልጁ እንደ ሙሽራ መኪና ተንሸራተተ፤
አበባ ብቻ ነው የጎደለው። ዋሸ።
ፒያኖ ሞከርኩ፤ የእርዳታ ድርጅት ማስታወቂያ መሰለ፤
«ለዚህ ልጅ ብር ይላኩ» የሚል ድምፅ ጠበቅሁ።
ሙዘይን አንገቱን ነቀነቀ፤ ከኪሱ ሌላ ሚሞሪ አወጣ፤
ሄቪ ሜታል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት፣ «ጣሪያ ነው የሚቀደደው?
ሰውየውን ማን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያገሳው?»
«በድሮ ቪዲዮ ሁሉ» አለኝ «ስኬት ካለ ይሄ አለ።»
(ስኬት ሲል የመንሸራተቻውን ነው፤
የምረቃ ፖስተር ላይ የሚጻፈውን አይደለም።)
«ማዶ ያሉት ልጆች ሲዘሉም ሲወድቁም በዚህ ነው፤
ስልክ ለስልክ ሲተላለፍ ምስሉ ተበላሽቶ ቀርቶ
ድምፁ ብቻ ነው እኛ ጋ በደህና የገባው።»

ጆሮ ሰጠሁ። ከጩኸቱ በታች ሥራ አለ፤
ጊታሩ የአባ ዲጋ መጋዝ ነው፣ እርጥብ ዋንዛ ሲሰነጥቅ፤
ከበሮው ሁለት እግር አለው፣
እንደ ሐምሌ ዝናብ በሕርማታ ቆርቆሮ ላይ
አንዱ ሳያልቅ ሌላው ሲወድቅ።
ከዛ የጎማውን ድምፅ ከፍ አደረግሁ፣ ከአስፋልቱ ሲፋጭ፦
ያው ነው! ያው ቅኝት፣ ያው ንዝረት፣ ያው ፍጭት፤
መንገዱ እስከዛሬ ጊታር ሲመታ ኖሯል፣
እኛ መኪና ነው ብለን እናልፈዋለን።

ረምላ አለች፣ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ።
ዘጠኝ ጊዜ ወደቀች።
እኔ በሙያዬ ውድቀት አላሳይም፤
ሙሽራ ቢደናቀፍ እቆርጣለሁ፣ ሚዜ ቢያስነጥስ እቆርጣለሁ፣
አማት ቢያኮርፉ በአበባ እሸፍናለሁ።
መቀሱን ሳነሳ እጄን ያዘኝ፦
«እሱን አትንካው፤ ዘፈኑ እኮ ለመውደቁ ነው።»
ዘጠኙንም ደረደርኩ፣
ክርኗ ሲሚንቶ ሲነካ ከበሮው እንዲመታ፤
አሥረኛው ላይ ስትቆም ግን ድምፁን አጠፋሁት፣
የሒጃቧ ጫፍ ብቻ ከነፋሱ ሲማታ።

እናቷ ሊያዩ መጡ፤ ስክሪኑ ፊት ቆመው
«ይሄ ዘፋኝ በማን ተቆጥቶ ነው?»
«አልተቆጣም እማማ፤ ቁልቁለት ላይ ነው፤
ፍሬን የለውም።»
«አሃ» አሉ። «እንዲያ ከሆነ ይጩህ።»

መብራት ሄደ፣ ሰባ በመቶ ላይ።
ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን፤ አዌቱ ማዶ ውሻ ይጮኻል።
ከዛ ከላይ፣ ከጅሬን በኩል፣
አንድ ሰው እየወረደ ነው፤ ጎማው ይሰማል፤
ዘፋኝ የለ፣ ጊታር የለ፣
ከበሮው ግን በትክክል።

ቅዳሜ ሠርግ ነበረኝ። ሙሽራውን ምንጣፍ ጠልፎት
ሊወድቅ ሲል ሙሽሪት ክርኑን ያዘችው፤
ሳቀች፣ ፎቶ አንሺ ያላዘዘውን ሳቅ።
ግማሽ ሰከንድ ናት።
መቀሱ እዛው ደርሶ ቆመ።

ገንዘቤን ከፈሉኝ፤ ማንም ምንም አላለ፤
ሚዜው ብቻ፣ ሲወጣ፣ ከበሩ ዞር ብሎ
«እሷን ቦታ ድገማት እስቲ» አለ።